አውራ ጣት ሳናይ አንከፍትም

የውድድር መኪና ክላክስ የለውም። ማን ላይ ሊነፋ ነው? ፊትህ ያለው ሰው ፊትህ የሆነው ሆን ብሎ ነው፤ «ዞር በል» ብትለው ደስ ይለዋል እንጂ ዞር አይልም። የእኛ ጋራዥ ሁለት የውድድር መኪኖች ግን ክላክስ ነበራቸው፤ ያውም የጭነት መኪና ክላክስ። ያስገጠሙት ጋሽ ነበልባል ናቸው። ለምን እንዳስገጠሙ ለመናገር ከልጃቸው መጀመር ነበረብኝ፤ ልጁ ግን ያለ አባቱ አይጀመርም፤ ስለዚህ ከሽማግሌው ልነሣ።

ጋሽ ነበልባል የጋራዡ ባለቤት ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ራሳቸው ይነዱ ነበር። ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ውድድር ነው። ሞተራቸው በእሳት ሲያያዝ በሩን በእግራቸው ገንጥለው ወጡ፣ ከኮፈኑ ነበልባል ላይ ሲጋራቸውን ለኮሱ፣ ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በሚከንፉት መኪኖች መሀል መንገዱን አቋርጠው ወደ ሕዝቡ ሄዱ ይባላል። የሚባለው በአብዛኛው በእሳቸው ነው። ያን ቀን እዚያ የነበረው በዕድሜ የገፋው ኤሌክትሪሻናችን፣ እሳቸው በሌሉበት፣ «ምን እሳት አለ? ራዲያተር ነው የፈላው» ይላል።

«ሲጋራውስ?» እንለዋለን።

«ሲጋራው የመጣው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው።»

እንግዲህ በእንፋሎት ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ነበልባል ቢባል አይበዛበትም።

እኔ ጎማ ቀያሪ ነኝ። የጎማ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ሰው ሁሉ ከጀርባው በላይ ያወራል፤ ያለ አይመስለውም። የምነግራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት እንደዚያ ጎንበስ ብዬ ነው።

ልጁ ፈጣን ነጂ ነው፤ የሚጠሉት እንኳ ይህን አይክዱም። አንድ ጠባይ ግን ነበረው፤ የሚሰማው መጨረሻ ላይ የተናገረውን ሰው ነው። ጠዋት አባቱ «ግራውን ያዝ» ካሉት ግራውን ይይዛል። ሊነሣ ሲል እኔ ብሎን እያጠበቅሁ «ቀኙ ይሻልሃል» ካልኩት ቀኙን ይይዛል፤ እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም። ሚስቱ ይህን ጠባዩን ከማንም በፊት ስላወቀች ሁልጊዜ ሰው ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቅ ነበር። ያገባችውም በዚህ መንገድ ነው ይባላል።

ሚስቱ የባለባንዲራዎቹ አለቃ ናት። እነዚህ በየመታጠፊያው ቆመው ቢጫ ሲያውለበልቡ «ችግር አለ፣ ቀስ በሉ»፣ ቀይ ሲያውለበልቡ «ሁላችሁም ቁሙ» የሚሉት ናቸው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ነጂዎቹን አንድ ክፍል ሰብስባ ትናገራለች። ንግግሯን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

«መኪናህ ቆመ፤ ወይም ተጋጨህ። እሳት አለ? ከሌለ ቁጭ በል። ቀበቶህን አትፍታ፣ ሄልሜትህን አታውልቅ። ደህና ከሆንክ አውራ ጣትህን በመስኮት አውጥተህ አሳየን። ከእኛ አንዱ መጥቶ ‹ውጣ› እስኪልህ ድረስ ያ መኪና ቤትህ ነው። እሳት ካለ ውጣና በቅርብህ ያለውን የብረት አጥር ዝለል፤ መንገዱን ግን አታቋርጥ። በዚህ መም ላይ በእግሩ ጀምሮ በቃሬዛ የጨረሰ እንጂ በእግሩ ጀምሮ በእግሩ የጨረሰ ብዙ አላየሁም።»

ነጂዎቹ ይሳሳቃሉ። ጋሽ ነበልባል ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ሁልጊዜ ያችኑ አንዲት ነገር ይላሉ፦ «እኛ በዘመናችን እግር ነበረን።»

ነገሩ የተበላሸው አምና ነው። ልጁ ሁለተኛ ሆኖ ሲሮጥ የኋላ ጎማው ወልቆ ሄደ። የተሰበረው ጎማው ሳይሆን ጎማውን የያዘው ብረት ነው፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። መኪናው ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ከሕዝቡ መቀመጫ ፊት ለፊት ቆመ። ልጁ የሚስቱን ንግግር ከእኛ አብልጦ ያውቀዋል። ቁጭ አለ። አውራ ጣቱን አወጣ። ክሬኑ በወዲያኛው በኩል የተገለበጠ መኪና ሲያነሣ ስለነበር ዘገየ፤ ልጁም ጣቱን እንዳወጣ ቆየ። ሕዝቡ መጀመሪያ አጨበጨበ። ቀጥሎ ዝም አለ። ቀጥሎ እዚህም እዚያም መሳቅ ጀመረ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው አንድ ቃል ይጥልና ነገሩ ይለይለታል። የጣሉት አባቱ ናቸው።

«አዋላጅ ጥሩለት!» ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ከላይኛው መቀመጫ ድረስ ተሰማ። «ምጥ ይዞት ነው!»

ከላይ አንዱ መለሰ፦ «ምጥ አይደለም ጋሼ! ሙሽራ ነው፤ ሚዜው እስኪያወርደው ነው!»

ስሙ እዚያው ወጣ። በማግሥቱ ባትሪ የሚያመጣልን ሰውዬ ሳይቀር «ሙሽራው አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ልጁ ጣቱን አውጥቶ በተቀመጠበት ሰዓት ከኋላ የመጣ መኪና ሚዛኑን ስቶ በሩን ፍቆት አልፏል። ወጥቶ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚፋቀው በሩ ሳይሆን ወገቡ ነበር። ሁላችንም አየን። አንዳችንም አላነሣነውም፤ ቀልድ ያበላሻል።

በሳምንቱ ጋሽ ነበልባል ኤሌክትሪሻኑን ጠርተው በሁለቱም መኪኖች ላይ ክላክስ እንዲገጥም አዘዙት።

«ለምን ይሆናል?» አለ።

«ለሰርግ» አሉ።

በዚህ የተደሰተው ቅንድብ ነው። ቅንድብ ሁለተኛው ነጂያችን ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጋራ አፉ ውስጥ አድርጎ ካርቡሬተር ላይ ስላጎነበሰ ቅንድብ የለውም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ሁለት ነገር ነው፤ የጋሽ ነበልባልን ሳቅና የልጃቸውን መኪና። ክላክሱ ለመጀመሪያው ጥሩ አጋጣሚ ሆነለት። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ነጂ ተቀምጦ ካየ፣ ቢጫ ባንዲራ ስላለ ቀስ ይላል፣ ሕግ አክባሪ ነው፣ ከዚያ ግን ጠጋ ብሎ እንደ ሰርግ አጃቢ ያንባርቀዋል። ጠጋ የሚለው የሰውዬውን ፊት ለማየት ነው። ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ወር ሳይሞላ ሌሎቹ ጋራዦችም ክላክስ ገጠሙ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ መም ላይ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ነጂ ጠፋ። መኪናው ጭስ ሲል በር ይከፈታል፣ ሰውዬው እንደ ፌንጣ ይዘላል። አንዱ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጎማ ወጣበት። አሁንም ያነክሳል፤ ግን ሙሽራ ተብሎ አያውቅም።

የልጁ ሚስት ለውድድሩ ኮሚቴ አቤት አለች። ከኮሚቴው ክፍል ስትወጣ እኔ ደጅ ላይ የሊቀመንበሩን መኪና ጎማ እነፋ ነበር።

«ክላክስ መንፋት ክልክል ነው የሚል ሕግ የለም ይሉኛል» አለችኝ።

«ለምን የለም?»

«እኔም ጠየቅኋቸው። የውድድር መኪና ክላክስ ስለሌለው ነው አሉኝ።»

ውድድር በሌለበት እሑድ ጋሽ ነበልባል ቤተሰቡንና እኛን የጋራዥ ሰዎች ምሳ ይጋብዛሉ። አንድ እሑድ ልጁና ሚስቱ በቤት መኪናቸው መጡ። ሚስቱ ቀድማ ወረደች። ልጁ ቀበቶውን ሳይፈታ ሽማግሌው ሮጠው በሩን በዳሌያቸው ተደገፉት፤ ቅንድብ በዚያኛው በኩል ዞሮ ያኛውን ያዘ።

«ሙሽራ ያለ ሚዜ አይወርድም!» አሉ ጋሽ ነበልባል። «አውራ ጣት የታለ? አውራ ጣት ሳናይ አንከፍትም!»

ግቢው ተቀበላቸው። «አውራ ጣት ሳናይ አንከፍትም!» የጎረቤት ሰዎች ከሰገነት ላይ ሆነው አጨበጨቡ። ፀሐዩ የሚፋጅ ነበር፤ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ልጁ ውስጥ ሆኖ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አልፎ ወደ ውስጥ አልገባም። ሚስቱ አማቷን ክንዳቸውን ይዛ ልትጎትት ብትሞክር፣ «አንቺ ደግሞ! ባሕር ማዶ የሄደ አስመሰልሽው እኮ፤ እዚችው ነው ያለው» አሏት። እናቱ የቤቱ በር ላይ ብቅ አሉ። እንደ እናት የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦

«አንተ ልጅ፣ አሳያቸውና ግባ። ምግቡ ቀዘቀዘ።»

መጨረሻ ላይ የተናገሩት እሳቸው ስለነበሩ ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አውራ ጣቱን አወጣ። አባቱ ጣቱን እንደ እጅ ጨብጠው ናጡት። «እንኳን ደስ ያለህ!» አሉና ከፈቱለት። ከዚያ እሑድ በኋላ ይህ የቤቱ ሥርዓት ሆነ። የሰፈሩ ሕፃናት ሰዓቱን አውቀው አጥር ላይ ይሰቀሉ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ የፊት ጎማ እፈታለሁ፤ አባትና ልጅ ከጀርባዬ በላይ ቆመዋል።

«ስማኝ ሙሽራው» አሉ ጋሽ ነበልባል። «ነገ መኪናው ከቆመ ትወጣለህ።»

«እሺ አባባ።»

«እጅህን ኪስህ ከተህ፣ እንደ ሰው መንገዱን አቋርጠህ፣ ወደ እኔ ትመጣለህ። ሕዝቡ የማን ልጅ እንደሆንክ ይወቅ።»

«እሺ አባባ።»

«ቁጭ ያልክ እንደሆነ ግን መኪናው የቅንድብ ነው። አንተ በር ከፋቹ ትሆናለህ። ሁለተኛ በእኔ ጋራዥ መሪ አትይዝም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ አባባ።»

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ሚስቱ ገባች። እኔ አሁንም እዚያው ጎማ ሥር ነኝ።

«ውጣ ብለውሃል አይደል?»

ልጁ የሄልሜቱን መስታወት ይወለውል ጀመር።

«ነገ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ብትወጣና አንዱ ቢመታህ፣ ከመንገድ ላይ የሚያነሣህ ሌላ ሰው እንዳይመስልህ። እኔ ነኝ የማነሣህ። ይህን አታሠራኝ።»

«እሺ» አለ ልጁ።

እኔ ጎማውን ፈትቼ ጨረስኩ። በሁለት እሺ መሀል የተቀመጠ ሰው ከሁለት ወንበር መሀል እንደተቀመጠ ነው፤ መጨረሻው መሬት ነው ብዬ አሰብኩ። ደግነቱ ያሰብኩትን የሚጠይቀኝ የለም።

በማግሥቱ መኪኖቹ መነሻው ላይ ተሰልፈው ሳለ አባቱና ሚስቱ በልጁ መኪና ግራና ቀኝ ቆመው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ሚስቱ ወደ ቦታዋ መሄድ አለባት፤ ሽማግሌው እስክትሄድ ይጠብቃሉ፤ እሷም ይህን ታውቃለች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን ጎትታ አጠበቀችና ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ነገረችው፤ ከዚያ የሄልሜቱን መስታወት ጥርቅም አድርጋ ዘግታ በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳችበት። በዚያች ቅጽበት ሞተሮቹ ሁሉ ተነሡ። ሽማግሌው በዚህኛው መስኮት አንገታቸውን አስገብተው ይጮኻሉ፤ አፋቸው ሲከፈት ሲዘጋ አያለሁ፤ ቃል ግን የለም። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሄልሜት ያደረገ ሰው መኪናው ሲንቀጠቀጥ ሁልጊዜ ራሱን የሚነቀንቅ ይመስላል።

«ሰምቶኛል» አሉ ጋሽ ነበልባል ረክተው።

ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ የልጁ ሞተር ጠፋ። የጠፋው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። ሚስቱና እኛ ያለነው በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ነው፤ መኪናው በነበረው ፍጥነት ተንሸራቶ የቆመው በውጭኛው በኩል፣ ኋላውን ወደ መንገዱ አውጥቶ ነው። በመሀላችን መንገዱ አለ። እሳት የለም። ጭስ እንኳ የለም። ሁላችንም የመኪናውን በር አየን።

በሩ አልተከፈተም። መስኮቱ ላይ አውራ ጣት ወጣ።

ሚስቱ ቢጫውን አውለበለበች። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ቀስ አሉ፤ ጠጋ አሉ፤ ነፉ። ሕዝቡም ይህንን ሲጠብቅ የከረመ ነው፤ «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያለ ማጨብጨብ ጀመረ።

«ተቀመጠ» አሉ ጋሽ ነበልባል። ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«ደግ አደረገ» አለች ምራታቸው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

«ሂጂና አውጪው!»

«ክሬኑ ሲመጣ ከክሬኑ ጋር እሄዳለሁ። እስከዚያ መኪኖቹ ይለፉ።»

«እስከዚያ ሰው ሲስቅብኝ?»

«ይሳቅ አባባ። ሳቅ አይገጭም።»

ሽማግሌው ለክሬን መግቢያ በተተወው ክፍተት ዘው ብለው መንገዱ ላይ ወጡ። እሷ በሁለት እጇ ባንዲራ ይዛለች። እሳቸውን ለመያዝ ባንዲራውን መጣል አለባት፤ ባንዲራው ከተጣለ ደግሞ የሚመጡት ነጂዎች መንገዱ ሰላም ነው ብለው ይከንፋሉ። ባንዲራውን ያዘች። «አባባ ይመለሱ!» ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሕዝቡ አወቃቸው። «ነበልባል! ነበልባል!» ተባለ። መሀል መንገድ ላይ አንድ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰላምታ ሰጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የልጁን ድምፅ የምንሰማበት፣ የእኛን ግን ወደ እሱ የማያደርስ ሬዲዮ ኤሌክትሪሻኑ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ የተባባሉትን ሁለታችንም ሰማን።

«ውጣ!» በሩን ይነቀንቁታል።

«እሳት የለም አባባ።»

«ውጣ እልሃለሁ! ሰው እያየኝ ነው!»

«ባለባንዲራ ነዎት?»

«ምን አልክ?»

«ባለባንዲራ ውጣ ካላለኝ አልወጣም።»

አውራ ጣቱ ከቅድሙ ይበልጥ ወጣች፤ ከሽማግሌው ሆድ ጎን አልፋ ለሕዝቡ ታየች። የሕዝቡ መቀመጫ በሳቅ ፈረሰ።

ቅንድብ የደረሰው ያኔ ነው። እንግዲህ እሱ ያየውን አስቡት፤ ጋሽ ነበልባል ሙሽራውን በር ላይ ሆነው ሲጎትቱ፣ ሙሽራው ጣቱን ሲያሳይ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ቀስ አለ፣ ሕግ አክባሪ ነው። ጠጋ አለ። ሽማግሌው በደንብ እንዲሰሙት ሌላ ጊዜ ከሚጠጋው አብልጦ ጠጋ አለ፤ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ክላክሱ ላይ ጫነ። ጋሽ ነበልባል የራሳቸውን ክላክስ ድምፅ ለዩ። በሩን ለቀው ዞሩ። ኤሌክትሪሻኑ ፈገግ ብለው ነበር ይላል፤ እኔ ፈገግታውን አላየሁም።

ሁለቱ መኪኖች ተላተሙ፤ የሽማግሌው እግሮች በመሀል ነበሩ። ከግጭቱ በኋላ ክላክሱ አልቆመም፤ ሽቦው ተጣብቆ ነው። ሮጠን ሄደን ባትሪውን እስክንነቅል ድረስ መሙ ላይ ሰርግ ነበር።

ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ፤ ሕዝቡ ቆመ። ጋሽ ነበልባል አስፋልቱ ላይ ተዘርግተዋል፤ ልጃቸው ካለበት በር ሁለት እርምጃ አይርቁም።

«ልጄ!» አሉ። ዓመት ሙሉ ሙሽራው ሲሉት ከርመው። «ልጄ ና! ልጄ ውጣ!»

ልጁ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ሄልሜቱን እንዳደረገ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል። ጣቱ አሁንም ውጭ ናት።

ሚስቱ ደርሳ መጀመሪያ የሽማግሌውን ጭን በባንዲራዋ ጨርቅ አሰረች። የቃሬዛ ሰዎች ሲቀበሏት ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተጎድቶ ደንዝዞ ነው የመሰላት።

«ደህና ነህ?»

በጣቱ አሳያት።

«ውጣ» አለችው።

ያኔ ቀበቶውን ፈታ። ሄልሜቱን አውልቆ ኮፈኑ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ መጥቶ አባቱ ራስጌ ቆመ። ሽማግሌው ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው አዩት።

«ስጠራህ አልሰማህም?»

«ሰማሁ» አለ ልጁ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ከአባትየው ደም ይልቅ እሱ ያስደነገጣት መሰለኝ። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እሱ ግን ያይ የነበረው የተላጠውን የመኪናውን በር ነው።

ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቶ፣ ያን ቀን በመሙ ላይ ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያከበረ ብቸኛ ነጂ ልጁ ነው አለ። ዋንጫ ሰጡት። ጣቱን በመስኮት ያወጣበት ፎቶ ተልቆ ማስጠንቀቂያው የሚሰጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከኋላ፣ ጋሽ ነበልባል ይደገፉበት በነበረው ቦታ። ክላክስም ተከለከለ። የሕጉን ወረቀት የለጠፈው ቅንድብ ነው፤ ከመንዳት ስለታገደ ኮሚቴው ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገብቷል።

የሽማግሌው አንዱ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሌላው አለ፤ ሥራ ፈትቶ አለ። ጋራዡን የያዘው ልጁ ነው። አባቱን ወደ ሕክምና የሚያመላልሰውም እሱ ነው፤ አንድ ቀጠሮ አሳልፎባቸው አያውቅም። ሰው ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይላል። የሚለው ግን ሲመለሱ ጋራዡ ግቢ ያልነበረ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሕክምና ተመለሱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ልጁ መኪናውን ግቢው መሀል፣ ጥላ በሌለበት አቆመ፣ ወረደ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወደ እኔ መጥቶ ስለ አዲሶቹ ጎማዎች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ አሮጌዎቹም ጠየቀኝ። ጋሽ ነበልባል የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ እንደታሠሩ ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ክራንቻቸው ከኋላ ነው፤ እጃቸው አይደርስበትም።

ሚስቱ ከቢሮው ብቅ አለች። «ክፈትላቸው እንጂ፤ ፀሐይ ነው።»

መጨረሻ ላይ የተናገረችው እሷ ናት። ልጁ ግን የሰማት አይመስልም። ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ሄደና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«አውራ ጣት» አለ።

ሽማግሌው አልዞሩም።

«አውራ ጣትህን አሳየኝ አባባ።» አንተ ሲላቸው የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። «ሳናይ አንከፍትም።»

ኤሌክትሪሻኑ እጁ ላይ ያለውን ሽቦ መቁጠር ጀመረ። ሌሎቹ የሚያጥቡትን ዕቃ እንደገና አጠቡ። ከመሀላችን አንዱ ግን አፍኖት አፍኖት ሳቁ አመለጠው፤ አንድ ሲጀምር ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ሚስቱ ሁላችንንም በየተራ አየችንና ወደ ቢሮው ተመልሳ በሩን ዘጋች።

መስኮቱ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነበር። በዚያች ክፍተት የጋሽ ነበልባል አውራ ጣት ቀስ እያለች ወጣች።

«ከፍ አድርጋት» አለ ልጁ። «ባለባንዲራ የሚያየው ከሩቅ ነው።»

ከፍ አደረጓት።

ልጁ ጣቲቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ነህ ማለት ነው» አለና ውሃ ሊጠጣ ገባ።

ሽማግሌውም ጣታቸውን እንዳወጡ ቆዩ።